ሲመሽ የሚጠፋው መብራት

ብልሽቱ ቀን ቀን አይታይም ነበር። ጉለሌ ባለው የአክስቴ ቤት ኮሪደሩ፣ የውስጠኛው መኝታ ቤትና ኩሽናው ረፋድም ቀትርም ማብሪያቸው ሲነካ ወዲያው ይበራሉ። ፀሐይ ጠልቃ ጥቂት ሲቆይ ግን ሦስቱም አንድ ላይ ይርገበገቡና ድርግም ይላሉ። ከኮሪደሩ በር ወዲህ ያለው ሳሎን በዚያው ሰዓት ቦግ ብሎ ይበራል። የውስጠኞቹ ክፍሎች ጨልመው ያድሩና በማግስቱ ረፋድ ላይ ማንም ሳይጠግናቸው ይመለሳሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። አክስቴ ሻማ ይዘው ወደ መኝታ ቤት መግባት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከችፑድ ኮርኒስ ሥር፣ ሻማ ይዘው ሲያልፉ ማየቴ ነው ወደዚህ ነገር ያስገባኝ።

ባለሙያ ተጠርቶ ነበር። የመጣው ግን ቀን ነው። ሁሉንም አበራ፣ አጠፋ፣ እንደገና አበራ፤ እንከን አጣ። የኮሪደሩን ማብሪያ ማጥፊያ ለውጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ እንደልማዱ ጠፋ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሰፈሩ ሁሉ ጥርጣሬ ነበር፦ ማታ ማታ ኃይል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከንቱ ግምት አይደለም። እራት በሚሠራበት ሰዓት በየቤቱ ምጣዱና ምድጃው ሲጣድ ከትራንስፎርመሩ ርቆ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ220 በታች ይወርዳል። ነገር ግን የኃይል መቀነስ ክፍል አይመርጥም። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ከአንድ ባለ 10 አምፔር ብሬከር የሚወጡ ናቸው። ኃይሉ ቢደክም ሳሎኑም አብሮ በደከመ ነበር።

ሁለተኛው ጥርጣሬ አምፖሎቹ ላይ ወደቀ። የኮሪደሩ አምፖል ሳሎን ሲታሰር በራ፤ የሳሎኑ አምፖል ኮሪደር ሲታሰር ጨለመ። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሦስት አምፖልና ሦስት ማብሪያ በአንድ ደቂቃ አብረው ታመው በማግስቱ በአንድ ሰዓት አብረው አይድኑም። አብረው የሚወድቁ ከሆነ የሚጋሩት ነገር አለ ማለት ነው። ዕቃ መለዋወጡን ትቼ ወደዚያ የጋራ ነገር ዞርኩ።

የሚጋሩት ሁለት ሽቦ ነው፦ ኃይል የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ከብሬከሩ ሳጥን ተነሥተው ከኮርኒሱ በላይ በወራጆቹ ላይ ይሄዳሉ። ፌዙ በየክፍሉ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይወርድና ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ኒውትራሉ ማብሪያ ሳያገኘው በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ሁለቱ ሽቦዎች መጀመሪያ ሳሎን ይገባሉ፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደር ይቀጥላሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ወደ መኝታ ቤትና ወደ ኩሽና ይከፈላሉ። በየመከፋፈያው ግድግዳው አናት ላይ ክዳን ያለው ጀንክሽን ቦክስ አለ። ኮሪደሩ ውስጥ ደግሞ ከዚሁ የመብራት መስመር ተጠልፎ የወጣ አንድ ሶኬት አለ፤ አክስቴ ካውያ የሚሰኩበት ነው። "እሱም ማታ ማታ እምቢ ይለኛል" አሉኝ። "ለኅዳር ጽዮን ነጠላዬን ስተኩስ ላስቲክ ላስቲክ የሚል ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ።" ሽታው ከየት እንደመጣ ግን አላወቁም ነበር።

ማታ ሦስቱ ክፍሎች ከጨለሙ በኋላ ቴስተር ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቴስተር የምንለው ያ ትንሽ ካቻቢቴ እጀታው ውስጥ አንዲት የኒዮን መብራትና ኃይለኛ ሬዚስተር አለው። ጫፉ ፌዝ ላይ አርፎ ጣት የእጀታውን ብረት ሲነካ፣ ከአንድ አምፔር አንድ ሺህኛ ያነሰ፣ ሰው የማይሰማው ኤሌክትሪክ በሰውነት አልፎ ወደ መሬት ይሄዳል። ኒዮኗ ለመብራት ይህ ይበቃታል። ፌዝ ላይ ትበራለች፤ ኒውትራል ላይ አትበራም። በዚህች ቀላል ሕግ ላይ ነው አብዛኛው የቤት ጥገና የቆመው።

የኮሪደሩን አምፖል ፈትቼ፣ ማብሪያውን እንደበራ ትቼ፣ የአምፖል መያዣውን አንዱን ጫፍ ነካሁ። ኒዮኗ በራች። ሌላውን ጫፍ ነካሁ። በራች።

ቀን መጥቶ የነበረው ወጣት ባለሙያ በስልክ ሲሰማ፣ "ሁለት ፌዝ ገብቶባችኋል፤ ችግሩ ከፖሉ ነው" አለ። ከፖሉ የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ያለው ስለሆነ፣ በስህተት ሁለት ፌዝ ወደ አንድ ቤት የገባበት ጊዜ አለ። ግን እዚህ ላይ ቁጥሩ አይስማማም። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ገደማ ነው። እንዲህ ቢሆን አምፖሎቹ ከመጥፋታቸው በፊት ከልክ በላይ ፈክተው በተቃጠሉ ነበር። የአክስቴ አምፖሎች ግን ጤነኞች ናቸው፤ ረፋድ ላይ ይበራሉ። በመልቲሜትሩ በሁለቱ ጫፎች መካከል ስለካው ደግሞ ያገኘሁት ዜሮ ለማለት ጥቂት የቀረው ነበር። ሁለት ሽቦ፣ እያንዳንዳቸው ከመሬት አንጻር ሙሉ ኃይል ያላቸው፣ በመካከላቸው ግን ምንም የለም።

ይህን ይዤ ሁለት ቤት አልፈው ወደሚኖሩ ሽማግሌ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በፋብሪካ ኤሌክትሪሺያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰው ሲያስቸግራቸው ቅር የማይላቸው፣ ግን ከመናገራቸው በፊት የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ሁለቱም ሽቦ ፌዝ ነው የሚለው" አልኳቸው።

"የመኝታ ቤቱ ማብሪያ በርቷል?"

"መብራቱማ ጠፍቷል።"

"መብራቱን አልጠየቅኩህም። ማብሪያው ወዴት ነው ያጋደለው?"

አላየሁትም ነበር። መብራት በራሱ ሲጠፋ ማብሪያውን ተመልሶ የሚያጠፋ ሰው የለም፤ የመኝታ ቤቱም የኩሽናውም ማብሪያ እንደበራ ነበር። ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው አብረውኝ መጡና ሁለቱን እንዳጠፋ አዘዙኝ። የኮሪደሩ ብቻ በርቶ ቀረ። ቴስተሩን መልሼ ነካሁ። አንደኛው ጫፍ እንደ በፊቱ ያበራል። ሁለተኛው ላይ ኒዮኗ ከጭላንጭል በቀር ጨለመች። "አሁን የመኝታ ቤቱን አብሪው" አሉ አክስቴን። ማብሪያው ቀጭ ሲል ኮሪደሩ ውስጥ እጄ ላይ ያለው ቴስተር ቦግ አለ።

መኝታ ቤት ውስጥ ያለው ማብሪያ ኮሪደር ውስጥ ያለውን ኒውትራል ፌዝ ያደርገዋል። ነገሩ በዚህች ቅጽበት ተገለጠልኝ። ሁለተኛ ፌዝ ከፖሉ አልመጣም። ያው አንዱ ፌዝ ነው፤ በመኝታ ቤቱ ማብሪያ ወርዶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ በኒውትራሉ ሽቦ ወደ ብሬከሩ ሳጥን ሊመለስ ተነሥቶ መንገድ ላይ ተቆርጦ የቀረው። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ውስጥ አይፈስስም፤ እ.ኤ.አ. በ1845 ገና የ21 ዓመት ተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪርሆፍ እንደደነገገው ወደ አንድ መገናኛ የገባው ሁሉ ከዚያ መውጣት አለበት። የማይወጣ ከሆነ አይገባም። የማይፈስ ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ምንም ቮልቴጅ አይበላም፤ አምፖሉ ውስጥ በገባው ጫፍ ያለው 220 በወጣውም ጫፍ ላይ እንዳለ ይገኛል። ስለዚህ ኒውትራሉ ከተቆረጠበት ነጥብ ወዲያ ያለው ሽቦ በሙሉ፣ አንድ ማብሪያ እስከበራ ድረስ፣ ፌዝ ነው። ማብሪያው ሲጠፋ የታየው ጭላንጭል የመጣው ሽቦው ከፌዙ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ነው፤ ሳይነካው ጥቂት ኃይል በጎረቤትነት ይጋባበታል፤ ኒዮንን በጭላንጭል ያበራል እንጂ አምፖል አያበራም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ስለሆነ። በየሰፈራችን ኒውትራል አይነዝርም የሚል እምነት አለ። እውነት የሚሆነው ኒውትራሉ እስከ ምንጩ ድረስ ሳይቆረጥ ሲሄድ ነው። ከተቆረጠ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሞተ የሚመስለው ሽቦ ከማንኛውም በላይ ሕያው ነው። የሚነካው ሰው አምፖሉ ያጣውን መመለሻ በገዛ ሰውነቱ ይሰጠዋል። አንድ የ60 ዋት የድሮ አምፖል ሲበራ 0.27 አምፔር ያህል ያሳልፋል። ሰውን ከኤሌክትሪክ ለመጠበቅ የሚገጠሙት መቁረጫዎች 0.03 አምፔር ወደ መሬት ሲፈስ እንዲቆርጡ የሚሠሩት ከዚያ በላይ ያለው ልብን ስለሚያውክ ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አንባቢ ያስላው። ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የአምፖል መያዣ ከመንካት በፊት ብሬከሩን መጣል ነው።

አሁን ምን እንደተቆረጠ ታውቋል። የት እንደተቆረጠ ማወቅ ቀረ። ሳሎኑ ስለሚበራ ኒውትራሉ እስከ ሳሎኑ ቦክስ ደህና ነው። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ ላይ ስለሚጠፉ መቆረጫው እነሱ ከሚከፋፈሉበት ከኮሪደሩ ቦክስ በፊት ወይም እዚያው ውስጥ ነው። ጋሼ ግን መገመትን ማረጋገጫ አድርገው አይወስዱም። ብሬከሩ ተጥሎ ሁለቱም ቦክሶች ተከፈቱ። የኮሪደሩ ውስጥ ያሉት መጋጠሚያዎች ጥብቅ፣ ንጹሕና ደረቅ ነበሩ። ከሳሎኑ ቦክስ ኒውትራል ረጅም ሽቦ ጎትተው ኮሪደሩ ድረስ አመጡ። ከዚያ ብሬከሩን አስነሥተው፣ ከእንጨት እጀታ ጋር የታሰረች የሙከራ አምፖላቸውን በኮሪደሩ ፌዝና በተበደሩት ኒውትራል መካከል አኖሩ፤ ቦግ አለች። በኮሪደሩ ፌዝና በራሱ በኮሪደሩ ኒውትራል መካከል አኖሩ፤ ጨለማ። ስለዚህ ፌዙ ደህና ነው፤ ኒውትራሉ በሁለቱ ቦክሶች መካከል ነው የሞተው።

ለዚህ ሥራ ከመልቲሜትር ይልቅ ያችን አሮጌ አምፖል የመረጡት በምክንያት ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ከሚለካው ሽቦ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ያ በጎረቤትነት የሚጋባው ኃይል እንኳ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣና ያሳስታል። አምፖል ግን ለመብራት እውነተኛ ኃይል ይፈልጋል። ሽቦው መሸከም ካልቻለ አይበራም።

በሁለቱ ቦክሶች መካከል ያለው ርቀት ከአምስት ሜትር አይበልጥም። ከኮርኒሱ በላይ ነው፣ አይታይም፣ ግን አጭር ነው። ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ብሬከሩን ጥለን፣ የዚያን ኒውትራል ሁለት ጫፎች ከየቦክሱ ፈትተን ለብቻው አደረግነው። በመልቲሜትሩ በአንዱ ጫፍና በሌላው ጫፍ መካከል ስንፈትሽ ጢጥ አለ። ጩኸቱ አይቆራረጥም፤ ሽቦው ምንም እንዳልደረሰበት ሁሉ። ጎተት አደረግነው፣ ነቀነቅነው፤ ጢጢጢ ይላል። ማታ በገዛ ዓይናችን ተቆርጦ ያየነው ሽቦ ቀን ሙሉ ነው። ጋሼ መልቲሜትሩን አጥፍተው ዝም ብለው ኮርኒሱን ያዩ ጀመር። ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ አዲስ መዘርጋት ይቻል ነበር፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ሁለታችንም ግን አልፈለግንም። ያልታወቀ ነገር ኮርኒስ ላይ ትቶ ከጎኑ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ለጊዜው ያበራል እንጂ ያ ነገር ምን እንደሆነ አይነግርም። የተጎተተው ሽቦ ደግሞ የተበላሸበትን ቦታ ይዞት አይወጣም። የላስቲኩም ሽታ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎ ነበር።

መልሱን ያመጣው ያለወቅቱ የዘነበ ዝናብ ነው። በጥምቀት ሰሞን አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ በድንገት ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ የሚያወርደው ድምፅ ሰው አያነጋግርም ነበር። ኩሽናው ውስጥ መብራት አብርተን ቡና ይፈላል። በረዶው ቆርቆሮውን ከሸፈነው ጥቂት ቆይቶ የኩሽናው መብራት ተርገበገበና ጠፋ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ገና ምሽት አይደለም፤ ጎረቤት ምጣድ አልጣደም። ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ቆርቆሮውን መታች፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ኩሽናው ያለማንም እጅ በራ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ሁላችንም መብራቱ ሲመሽ ይጠፋል ነበር የምንለው። ለካ የሚጠፋው ሲበርድ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ቀን ላይ እጅ የማያስቀምጥ ቆርቆሮ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ አየር ውስጥ ያድራል። ከሥሩ ያለው ጠባብ ቦታ አብሮ ይግላል፣ አብሮ ይቀዘቅዛል። እዚያ ውስጥ ሲሞቅ የሚገጥምና ሲበርድ የሚላቀቅ ነገር አለ። ቀን ስንፈትሸው ጢጥ ያለው ስለሞቀ ነው። ፍተሻው ልክ ነበር፤ ሰዓቱ ነው ልክ ያልነበረው። ለጋሼ ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። "እንግዲያው ሌሊት ነው የምንይዘው" አሉ።

ኩሽናው ጥግ ካለው የኮርኒስ መውጫ በመሰላል ገባን። ውጭው ቀዝቅዞ ነበር። ብሬከሩ ተጥሏል፣ የኒውትራሉ ሁለት ጫፎች ተፈትተው ከመልቲሜትሩ ጋር ታስረዋል፤ መልቲሜትሩን የያዙት አክስቴ ናቸው፣ ኮሪደር ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው። ዝም ብሏል። በባትሪ ብርሃን ወራጅ ለወራጅ እየተሳብኩ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ሽቦውን ከሳሎኑ ወገን ጀምሬ በዝግታ እየነካሁ ሄድኩ። አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣ የድሮ ጋዜጣ። አንድ ሜትር ሄጄ ዝም። ሁለት ሜትር ሄጄ ዝም። ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ጠቆር ያለ የባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ በሚስማር ታጥፈው የሚያልፉበት ቦታ ስደርስ እንጨቱ ገና ሳይጫን ከታች "ጮኸ! ጮኸ!" የሚል የአክስቴ ድምፅ መጣ። አነሣሁት፤ "ዝም አለ።" ነካሁት፤ "ጮኸ።"

እዚያ ቦታ ላይ ቦክስ የለም። ያለው በናስትሮ የተጠቀለለ እብጠት ነው። ናስትሮው ቀልጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ሬንጅ ጠጥሯል። የተኛበት ወራጅ ከላይ ሲታይ የጠቆረው በዕድሜ አልነበረም፤ በጣቴ ስፍቀው ከሰል ሆኖ ወጣ። ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ናስትሮውን በቢላዋ ሰነጠቁ። ከአንዱ ወገን የመጣው ሽቦ ቀይ መዳብ ነው። ከሌላው ወገን የመጣው ነጭ ነው፤ አሉሚኒየም። ሁለቱ እርስ በርስ ተጠምዝዘው፣ በመካከላቸው አመድ የመሰለ ነጭ ዱቄት ተቀምጧል።

ቀሪው ታሪክ የእነዚህ ሁለት ማዕድናት ጠባይ ነው። በአንድ ዲግሪ ሙቀት አሉሚኒየም ከአንድ ሚሊዮን 23 እጅ ሲረዝም መዳብ 17 እጅ ይረዝማል። ልዩነቱ ለዓይን ምንም ነው። ግን አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅ ተጠምዝዞ ከተያዘበት መዳብ በላይ ማበጥ ይፈልጋል፣ ቦታ ያጣል፣ ይጨፈለቃል። ሲበርድ ተጨፍልቆ የቀነሰው አይመለስም፤ በምትኩ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት አየር ይገባል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በቅጽበት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ቅርፊት ያበጃል። እያንዳንዱ ቀን ይጨፈልቀዋል፣ እያንዳንዱ ሌሊት ያላቅቀዋል። መዳብ በተወደደበት በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች ብዙ ቤቶችን በአሉሚኒየም ሽቦ ዘርግተው ነበር፤ በኋላ የአገሪቱ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ባስጠናው ጥናት እነዚያ ቤቶች መጋጠሚያቸው ለእሳት አደጋ የሚያበቃ ሙቀት ላይ የመድረስ ዕድላቸው ከመዳብ ቤቶች 55 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጥፋቱ ከረጅሙ ሽቦ ይልቅ መጋጠሚያው ላይ ነው። ፖል ላይ ያለው መስመርም አሉሚኒየም ነው፤ ለእሱ በተሠራ ማያያዣ እስከተያዘ ድረስ ዕድሜ ልኩን ያገለግላል።

የኅዳር ጽዮኑ ሽታም እዚሁ ነበር። 1,000 ዋት የሚበላ ካውያ 4.5 አምፔር ይስባል። ያ ሁሉ አምፔር በዚህች እብጠት ነው የሚያልፈው። መጋጠሚያው ላልቶ አንድ ኦም ያህል ብቻ ቢቃወም 20 ዋት ሙቀት በአንድ ባቄላ ስፋት ላይ ይከማቻል፤ የራዲዮ ጠጋኝ ብየዳ ብረት ያህል፣ በደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ጭድ ካለው ግድግዳ በላይ። ብሬከሩ ለምን ዝም አለ? ብሬከር የሚወድቀው ከልክ ያለፈ አምፔር ሲያልፍበት ነው። 4.5 አምፔር ለባለ 10 አምፔር ብሬከር ከግማሽ በታች ነው። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ወደ መሬት የሚፈሰውን የሚጠብቀው ያ ሌላው መቁረጫ ቢኖር እንኳ አያየውም፤ የሄደው ሁሉ በዚያው በኒውትራሉ ይመለሳልና። ይህን ዓይነቱን እሳት ከሳጥኑ ውስጥ የሚያይ ዕቃ በአክስቴ ቤት የለም፤ በአብዛኞቻችንም ቤት የለም። ከዚያ ሽታ በቀር የመብራቱ መጥፋት ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። ማን ነው እዚህ፣ ከቦክስ ርቆ፣ ወራጅ ላይ አሉሚኒየም የቀጠለው? ከኮርኒሱ ወርደን ቦታውን ከታች ስናመላክት አክስቴ ቀና ብለው አዩና፣ "እንዴ፣ ግድግዳው እኮ እዚህ ጋ ነበር" አሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ይህ ሰፊ ቤት ቀበሌ ገባ፤ ለሦስት ተከፋፍሎ ለሦስት ቤተሰብ ተከራየ። አክስቴ ከነባለቤታቸው የደረሳቸው ሳሎኑን የያዘው ክፍል ነው። ከኮሪደሩ ወዲያ ሌላ ቤተሰብ ነበር፤ ኮሪደሩ መሐል ላይ ግድግዳ ቆሞ የየወገኑ ሽቦ ግድግዳው ላይ ያበቃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ቤተሰብ ሲለቅ ክፍሎቹ ለአክስቴ ተጨመሩና ግድግዳው ፈረሰ። "ሽቦውን ማን አገናኘው?" አልኳቸው። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና በዚያ ሰሞን ከፖል መስመር ሲዘረጋ የተረፈ ቁራጭ ለምነው አምጥተው በራሳቸው እጅ አገናኝተውት ነበር። መዳብ ሽቦ ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። ቁራጩ የፈረሰውን ግድግዳ ውፍረት አልፎ ጥቂት የሚረዝም ነው፤ ሁለቱን ቤት አንድ ያደረገችው እሷ ነበረች። ለብዙ ዓመት አምፖል ብቻ ስትሸከም ችላለች። ካውያ ስትሸከም ነው የተሸነፈችው።

ጥገናው አጭር ነው። ከሳሎኑ ቦክስ እስከ ኮሪደሩ ቦክስ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንሥተን፣ መሐል ላይ መጋጠሚያ የሌለው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ በቱቦ ውስጥ አሳለፍን። ፌዙም እዚያው ቦታ በአሉሚኒየም ተቀጥሎ ተገኘ፤ እሱ ገና አልላላም፣ ናስትሮው ግን መድረቅ ጀምሯል። የካውያው ሶኬት ከመብራቱ መስመር ተነቅሎ የራሱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ተሰጠው። ከሰል የሆነው ወራጅ በአዲስ እንጨት ተደገፈ።

ጋሼ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ሳለ አክስቴ ሦስተኛውን ቤት አነሡ። በጀርባ በኩል፣ ያው ቤት ሲከፈል የተለየው ክፍል ውስጥ ዛሬም ጎረቤት ይኖራል። የራሱ ቆጣሪ ያስገባው በቅርብ ነው፤ ከዚያ በፊት ኃይል የሚወስደው ከዚሁ ከአክስቴ ቆጣሪ ነበር፣ ሽቦውንም የሳቡለት የአክስቴ ባለቤት ናቸው። የጎረቤቱ መብራት አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን መልሰው አወጡ። ያን ዕለት ከሰዓት በጎረቤት ፈቃድ ኮርኒሳቸውን ከፍተን ገባን። ከቆጣሪው የመጣው መዳብ ከነጭ ሽቦ ጋር የተጠመዘዘበትን ቦታ ያገኘነው ከበሩ በላይ ነው፤ ከሥሩ የልጆቹ አልጋ ነበር። ናስትሮው ጠጥሯል፣ ወራጁ ገና አልጠቆረም። የቤቱ እመቤት ብሬከሩን ጥለው፣ ያ መስመር እስኪቀየር ድረስ ማታም ቢሆን እንዳይነሣ አሉ። ሽቦው በማግስቱ ተገዝቶ መጣ፤ ቀድሞ የተነቀለው የልጆቹ ክፍል ነው።